የክርስትና ስም ያጠፋሁ ዕለት

እንጀራዬን የምበላው ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል እየጻፍኩ ነው። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ “ኮምፒዩተር” ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ ከተናገርኩ ወይ ቴሌቪዥን ጠግንልኝ እባላለሁ፣ ወይ ስልኬ ተቆልፎብኛልና ክፈትልኝ። ለእናንተ ግን ትንሽ ላብራራ፤ አለዚያ የደረሰብኝን ጉድ ግማሹን ነው የምትሰሙት።

የምሠራው ሁለት ቅርንጫፍ ባለው የግል ክሊኒክ ነው። አንዱ እዚህ ብቸና፣ ሌላው ሞጣ። የታካሚው ካርድ በሙሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ያመመው፣ የታዘዘለት። ይህ ሁሉ ዓምድ ዓምድ ሆኖ የሚቀመጥበትን መዝገብ ዳታቤዝ እንለዋለን። ታዲያ አንዳንዴ አዲስ ዓምድ ይጨመራል፣ አሮጌው ይወጣል። ይህን የምንሠራበት መሣሪያ የማይግሬሽን መሣሪያ ይባላል። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ጽፎ ኢንተር መምታት ብቻ ነው። ሰው እየኖረበት የቤት ግድግዳ እንደማፍረስ ያለ ሥራ ነው። መሣሪያው በዋናነት ሁለት ቃል ያውቃል። “አፕ” ሲሉት ለውጡን ያካሂዳል፤ “ዳውን” ሲሉት ወደነበረበት ይመልሳል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ ኢንተር እፈራለሁ። ሰባት ዓመት ስመታው ኖሬ አንድም ቀን ሳልፈራ አልመታሁትም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ በስመ አብ እላለሁ፣ እመታለሁ፣ ከዚያ አንዱን ዓይኔን ብቻ እገልጣለሁ። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝና ጸሎት ላይ ነው ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። አልተሳሳተችም።

ጉዱ የመጣው በክርስትና ስም ነው። ክሊኒኩ ሲከፈት ብቸና ካርድ ክፍል የነበረችው ሴት፣ አንድ ቀን ሦስት ሰዎች በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም ተሰልፈው ቢያደናግሯት፣ የክርስትና ስማቸውም ይጻፍ አለች። ተጻፈ፤ ለሁለቱም ቅርንጫፍ አንድ ዓምድ ተጨመረ። እየቆየ ግን ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የክርስትና ስም እኮ ለመጣ ለሄደው አይነገርም። እናት ታውቀዋለች፣ የነፍስ አባት ያውቁታል፣ ከዚያ ያለፈ ጆሮ ከገባ ለመተተኛ ሲሳይ ነው ይባላል። በቅርቡ አንድ ሽማግሌ የክሊኒኩ ባለቤት ቢሮ ድረስ ገብተው “ስሜን ማሽን ውስጥ ከተህ፣ ማን አውጥቶ ምን እንደሚያደርግበት በምን አውቃለሁ?” አሏቸው።

ባለቤቱ ወዲያው አስጠሩኝ። “ይህ የክርስትና ስም የሚባል ነገር ከሁለቱም ቅርንጫፍ ይውጣ” አሉኝ። “ዱካው እንኳ እንዳይቀር።”

እኔ የተባልኩትን ከልቤ የምወስድ ሰው ነኝ፤ በተለይ ነገሩ ማጥፋት ከሆነ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ማሽኔ ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የብቸናውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ተደርድረዋል። አፕ ብዬ ጻፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መታሁ። ዓምዱ ድራሹ ጠፋ። ለመጠባበቂያ የተቀመጠውን ቅጂም አብሬ ደመሰስኩት።

ቀጥዬ በኢንተርኔት የሞጣው ማሽን ውስጥ ገባሁ። የሞጣውን ከፍቼ አላየሁትም። ምኑን ልየው? ያው የክርስትና ስም ነው። አፕ፣ ዓይን ጨፈን፣ ኢንተር። መስኮቱ “ተሳክቷል” የሚል አንድ መስመር ጻፈልኝ። የሞጣው ቅጂ ግን ትልቅ ነው፤ በሥራ ሰዓት ልደምስስ ብል ማሽኑን ያንቀራፍፍባቸዋል። ስለዚህ ሰው ምሳ ሲወጣ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ትእዛዝ አስቀመጥኩለት። ሰዓት ሲጠይቀኝ ስድስት ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይበርድ ሲስተር ከድጃ ደወለች። ሲስተር ከድጃ የሞጣ ቅርንጫፍ ነርስ ናት፤ ካርዱንም የምትይዘው እሷው ናት። ቤት ቢቃጠል እንኳ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

“የክርስትና ስሙ የት ሄደ?” አለችኝ።

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። “ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የክርስትና ስም ያሳሰበሽ?”

“እኔ እዚያ ላይ መድኃኒት ነበር የምጽፈው።”

“የምን መድኃኒት?”

“ለሰውየው የማይስማማውን። ሥራ ስጀምር የእኛ ሰው ሲመጣ ያ ቦታ ባዶውን ይቀራል፤ ሙስሊም የክርስትና ስም የለው። ባዶ ቦታ ሳገኝ ፔኒሲሊን የሚያሳብጠውን ፔኒሲሊን ብዬ ጻፍኩበት፣ ሰልፋ የማይሆነውን ሰልፋ ብዬ። ኋላ ሲጠቅመኝ ጊዜ ለክርስቲያኑም እዚያው ላይ ጻፍኩ። አምስት ዓመት ሙሉ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። መቃጠሌን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። የማይስማማውን መድኃኒት የተወጋ ሰው ጉሮሮው አብጦ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህን ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የኮምፒዩተሩ ሰው እንኳ ያውቃል።

ሲስተር ከድጃ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ ቀጠለች። “አሁን ጋሽ ሰይድ እዚህ ተኝተዋል። ጨርቅ የሚሸጡት። እግራቸውን ሚስማር ወግቷቸው መርቅዟል፤ ትኩሳታቸው ከፍ ብሏል። ዶክተሩ መርፌ ይጀመርላቸው ብሏል። እሳቸው ላይ የጻፍኩት ነገር አለ። መጻፌን አውቃለሁ፤ ምን እንደጻፍኩ ግን ጠፋኝ።”

“ራሳቸውን ጠይቂያቸዋ።”

“ጠየቅኋቸው። ፔኒሲሊን ይስማማዎታል ወይ ብላቸው አይስማማኝም አሉ። የሌላ መርፌ ስም ብጠራላቸው እሱም አይስማማኝም አሉ። ሦስተኛውን ስሙን ሳልጨርስ እሱማ ጭራሽ አሉኝ።”

“ሁሉም የማይስማማው ሰው አለ እንዴ?”

“እኔ አላየሁም። ቢኖርስ?” አለች። “ዶክተሩ እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ካልሆነ ወደ ባሕር ዳር እልካቸዋለሁ ይላል። በዚያ እግርና በዚያ ትኩሳት መኪና ላይ ሲንገላቱ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም።”

“አምስት ደቂቃ ስጪኝ፤ ይመለሳል” አልኳት። ስልኩን ሳልዘጋ “ዳውን” ብዬ ጻፍኩ። ያን ዕለት ዓይኔን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። መስኮቱ “ተሳክቷል” አለኝ። የሞጣውን መዝገብ ከፈትኩ። ዓምዱ ተመልሶ በቦታው ቆሟል። ወደ ታች ወረድኩ፤ ባዶ። አሁንም ወረድኩ፤ ባዶ። መሣሪያው ቃሉን ጠብቋል። ዓምድ አጥፋ ስለው አጠፋ፣ ዓምድ መልስ ስለው መለሰ። ውስጡ ስለነበረው ነገር ያነሣሁለት ነገር የለም።

“መጣ?” አለችኝ።

“ዓምዱ መጥቷል።”

“የተጻፈውስ?”

“እሱ በመምጣት ላይ ነው” አልኩና ስልኩ ተቋረጠ። ኢንተርኔቱም አብሮት ሄደ። ደጋግሜ ብደውል ያቺ የተቀዳች ሴት ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ይህን ያህል ነገር ለማስተካከል ሲፈልጉ ኔትወርክ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ነው የሚሄደው።

ቅጂው ትዝ አለኝ። ሞጣ ማሽኑ ላይ የዛሬ ጠዋት ቅጂ አለ፤ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ አለ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ስድስት ሰዓት ትዝ አለኝ። ሰዓቴን ሳይ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። በር ሳልቆልፍ፣ ጃኬቴን ገልብጬ ለብሼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

የሞጣ ሚኒባስ ቆሟል። ሹፌሩ “ና ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን” አለኝ። ገባሁ። “አንድ ሰው ነው የቀረን” ብሎ ቀጠለ። ሌላ ሰው ገባ። አንድ ሰው ነው የቀረን። ስንት አንድ ሰው እንደገባ አላውቅም፤ ስንነሣ ጉልበቴ የኔ ይሁን የጎረቤቴ መለየት አቅቶኝ ነበር።

መንገድ ላይ ያለ ፈሪ ሥራ ፈት ነው፤ ከመፍራት በቀር የሚሠራው የለም። ጋሽ ሰይድን አይቻቸው አላውቅም፤ ቢሆንም ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ ሞተውብኛል። በመጀመሪያው ለቅሶ ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ችሎት ፊት ቆሜ ዳኛው “ዓምድ ምንድን ነው?” ሲሉኝ እያብራራሁ ነበር። ያብራራሁት ደግሞ እኔኑ ይበልጥ የሚያስጠይቅ ነው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ታካሚዎች ዞርኩ፤ በአምስት ዓመት ስንት ሰው ላይ ጽፋ ይሆን? ሁሉም በዚያች ሰዓት ተሰልፈው መርፌ ሲጠብቁ ታዩኝ።

ከጎኔ የተቀመጡት አንድ መሪጌታ ነበሩ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ዝምታቸው ረጅም። ስንቀጠቀጥ ጊዜ ዞረው አዩኝ።

“ልጄ፣ አሞሃል?”

“የለም፣ አባቴ።”

“ታዲያ ምን ሆነህ ነው?”

መዋሸት አልቻልኩም። “የክርስትና ስም አጠፋሁ” አልኳቸው።

“የስንት ሰው?”

“የሁለት ከተማ።”

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። “ሰው ሲሞት በፍትሐቱ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ይህን ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ አባቴ፤ የጠፋው ከማሽን ላይ ነው እንጂ…”

“ማሽን ላይ ማን ጻፈው?”

“እኛ። ሰው እንዳይምታታ ብለን።”

“አሁን አልተምታታም?”

“አሁን ሞጣ ላይ የመድኃኒት ስም ሆኗል” አልኩና የሲስተር ከድጃን ነገር፣ የጋሽ ሰይድን እግር፣ የስድስት ሰዓቱን ትእዛዝ ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ሠላሳ ዓመት ቅኔ አስተምሬአለሁ” አሉ በመጨረሻ፤ “እንዲህ ያለ የተቋጠረ ነገር ግን አልገጠመኝም። ሰውየው እንዲተርፉ እጸልያለሁ። ላንተም ልጸልይ። የክርስትና ስምህ ማነው?”

በዚያ ጭንቅ ውስጥ፣ ጸሎት እንደዚያ በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ አፌን ከፍቼ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ፊት ለፊታችን ሦስት ሰዎች አሉ፣ ከኋላችን አምስት። ማን እንደሚሰማ በምን አውቃለሁ? ብቸና ቢሮ የገቡት ሽማግሌ ያን ጊዜ ነው የገቡኝ። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። እሳቸውም ማንም እንዳልሰማ ዞር ዞር ብለው ካረጋገጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መሪጌታ ደብረ ወርቅ ወረዱ። ከዚያ ሹፌሩ ሁለት በግ ጣሪያ ላይ አሳሰረ፤ አንደኛው ተፈትቶ እንደገና ታሰረ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ዘመዱን አግኝቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለ አንድ ሠርግ ተወያዩ። እባክህ ሰው ሊሞት ነው አልኩት። “ዘመድህ ነው?” አለኝ። አላውቃቸውም ስለው ግራ በተጋባ ዓይን አየኝና ነዳ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሞጣ አልገባንም። ሰዓቴን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ሲያልፍ ምንም ድምፅ አላሰማም። አሁን ማሽኑ ያንን ቅጂ እየደመሰሰው ነው አልኩ በልቤ፤ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። መመለስ አማረኝ። እውነቴን ነው፤ ወርጄ በእግሬ ወደ ብቸና ልመለስ ነበር፤ ከበሩ ርቄ ስለተቀመጥኩ ነው ያልወረድኩት።

ክሊኒኩ ስደርስ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር። በሩ ላይ የጋሽ ሰይድ ልጅ ቆማለች፤ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ አሁንም አሁንም ትጠመዝዘዋለች። “ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው አንተ ነህ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ተመስገን” ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ቃል ነው።

ሲስተር ከድጃ ወንበሩን ሳበችልኝ። ዶክተሩ ከኋላዬ ቆመ። ጋሽ ሰይድ በተከፈተው በር በኩል አልጋ ላይ ይታያሉ፤ ትልቅ ሰውነት፣ ፊታቸው በላብ የራሰ፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ያበጠ። ቅጂው የሚቀመጥበትን ቦታ ከፈትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንዱን ገለጥኩ።

ቅጂው አለ።

ሁለቱንም ዓይኔን ገለጥኩ። አለ። ለምን እንዳለ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ስድስት ሲሉት የሚገባው እኛ ንጋት አሥራ ሁለት የምንለው ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ እንደ ለመድኩት፣ እንደ አገሬ ሰዓት፣ ስድስት ብዬ ሞልቻለሁ። ትእዛዙን ስሰጥ የዛሬው ንጋት አልፏል። ስለዚህ ማሽኑ የነገውን እየጠበቀ ተቀምጧል። ይህ የመጀመሪያ ሳምንት ጀማሪ የሚሠራውና የሚሰደብበት ስህተት ነው። በሰባት ዓመት ሥራዬ ይህን ያህል የሚያኮራኝ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ትእዛዙን ሰረዝኩት። መሰረዙን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ ሲስተር ከድጃንም እንድታይልኝ አደረግሁ። ቅጂውን ከፍቼ ጋሽ ሰይድን ፈለግሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከዚያ “የክርስትና ስም” ከሚለው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦

“መድኃኒት ሁሉ ይስማማቸዋል። መርፌ ስለሚፈሩ አይስማማኝም ይላሉ፤ እንዳታምኗቸው። እጃቸውን የሚይዝ ሰው ይፈለግ።”

ሲስተር ከድጃ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። “አስታወስኩ” አለች ቀስ ብላ። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ወደ አልጋው ዞሮ አየ፣ ጋሽ ሰይድም ነገሩ እንደታወቀ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ዶክተሩ ለጥንቃቄ መጀመሪያ ጥቂት ልሞክር ብሎ መርፌውን አነሣ። ሲስተር ከድጃ የምታሰናዳው ነገር አላት። ዘበኛው ምሳ ወጥቷል። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ሄጄ የጋሽ ሰይድን እጅ ያዝኩ። ትኩስ፣ ሰፊ እጅ ነው።

“ማነህ?” አሉኝ።

“ካርድዎን ያጠፋሁት ነኝ።”

“አጥፍተህ ከጨረስህ ምን አስመለሰህ?” አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር የተቀየሙኝ።

መርፌው ሲቀርብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ። ዶክተሩ “አለቀ” ሲል እኩል ነው የገለጥነው። ተቀምጠን ጠበቅን። ፊታቸው አላበጠም፣ ትንፋሻቸው አልጠበበም፤ የተረፈውንም ተወጉት። ልጃቸው ገብታ ግንባራቸውን ስትስም እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁና ማንም በማያይበት አለቀስኩ። አላፍርም፤ ሰው አልገደልኩም።

መርፌው የሰባት ቀን ነበር። እኔም ሞጣ ከረምኩ። ሲስተር ከድጃ ማሽኑን አላምንም ስላለች ከጎኗ ተቀምጬ፣ ከቅጂው የመለስኩላትን አንድ በአንድ እያነበበች አረጋገጠች። “የማይስማማ መድኃኒት” የሚል አዲስ ዓምድ ሠራንና ጽሑፏ ወደዚያ ተዛወረ። ባለቤቱ ከብቸና ደውለው የክርስትና ስሙ ዱካ ጠፋ ወይ ሲሉኝ፣ ብቸና ጠፍቷል፣ ሞጣ ግን ብዙም አልነበረም አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም።

በሁለተኛው ቀን ዘበኛው ምሳውን ትቶ መጣ። ጎልማሳ፣ ደረተ ሰፊ፣ ምንም የማይፈራ ሰው ነው። ዶክተሩም “በል አንተ ያዝልን፣ ይህ ልጅ ሥራውን ይሥራ” አለው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

“ያ ልጅ ይምጣ” አሉ። “ይሄ አይዞዎት ይለኛል፤ አይዞዎት ሲሉኝ ነገሩ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የዚያ ልጅ እጅ ከእኔ ብሶ ይንቀጠቀጣል። እሱን አይዞህ ስለው መርፌው ያልቃል።”